ኦሽኖግራፊ ልትመዘገቡ ላሰባችሁ ልጆቼ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውለው የጎረቤት ልጅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ቁጥሬን ከእናቱ የወሰደ ጭራሽ የማላውቀው ልጅ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። «እትዬ፣ ለሳይንስ ክሬዲት ኦሽኖግራፊ ቀላል ነው ይባላል። ልውሰደው?»

ዘንድሮ አራት ልጆች ጠየቁኝ። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ዘንግቼ እንዳላስቀርበት ብዬ በጽሑፍ አደረግኩት።

እዚህ ሲያትል፣ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ይህን የኦሽኖግራፊ፣ ማለትም የውቅያኖስ ጥናት፣ የመግቢያ ኮርስ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከማስተማሬ በፊት ደግሞ የዚሁ ኮርስ ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ። ቀላል አይደለም። ግን ውሰዱት።

ቀላል የሚመስለው ስሙ ነው። ሰው ባህር ሲባል ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ይታየዋል። ገብቶ ሲያየው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለ ድንጋይ ነው፣ አራተኛው ላይ ኬሚስትሪ፣ ስድስተኛው ላይ ፊዚክስ። ዓሣዎቹ የሚመጡት ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ነው። አራት ሳይንስ በአንድ ኳርተር፣ ማለትም በአንድ አጭር የትምህርት ወቅት፣ ታጭቆ የሚሰጥበት ትምህርት ነው። ብዙ ልጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እኔም ደንግጫለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ነው። በሱዳን በኩል ወጥቼ ሲያትል ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባህር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ጉዞ ነው፣ ያውም ከአውሮፕላን መስኮት። ቀን ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ኦሽኖግራፊን የመረጥኩት ወድጄው አልነበረም። ላብ፣ ማለትም የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ፣ ያለው ሳይንስ ያስፈልገኝ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሥራዬ ጋር የሚገጥመው እሱ ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከመቶ 41 አመጣሁ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። በማግስቱ የትምህርት አማካሪ ዘንድ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፋይሌን አየት አደረገችና ኮርሱን ጣይው አለችኝ። መነሻ እውቀት የለሽም፣ ሌላ ፈልጊ ብላ የመሰረዣ ቅጹን ሰጠችኝ። ሞላሁት። ሳልፈርምበት ሐሙስ ደረሰ። ሐሙስ ላብ ነበረን።

በዚያ ምሽት መምህራችን አንድ ሊትር የባህር ውሃ ምድጃ ላይ ጥዶ ጠበቀን። እያወራን ውሃው እየፈላ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ዕቃው ሥር ነጭ ቅርፊት ቀረ። ሲመዘን 35 ግራም ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። መምህሩ በማንኪያ ጫፍ ፋቅ አድርጎ አሳየን። እኔ ደግሞ ሳላስበው፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ «አሞሌ!» አልኩ።

ልጅ ሆኜ እናቴ ገበያ ከገዛችው አሞሌ በቢላ ጀርባ ሸረፍ አድርጋ ወጥ ውስጥ ትጨምር ነበር። የተረፈችውን ፍርፋሪ እኔ እልሳለሁ። ያ ነጭ ቅርፊት እሱኑ ነበር የሚመስለው። መምህሩ ምን አልሽ አለኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። አገሬ ውስጥ ጨው ከበረሃ ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ ይመጣል፣ ቦታው ከባህር ዳር የራቀ ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ በረሃው ከየት አመጣው?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ሳይንስ ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን ትርጉም መሸምደድ ይመስለኝ ነበር። 41 ያመጣሁትም ለዚያ ነው። ትርጉሞቹን በሙሉ አውቃቸው ነበር። ፈተናው ግን የጠየቀው ለምን ብሎ ነው። ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ቅጹን ቀደድኩት።

የጥያቄውን መልስ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ደናክል ከባህር ጠለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ቀይ ባህር በተለያየ ዘመን ገብቶበታል። የመጨረሻው ጊዜ ከ120 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው እዚያው ታስሮ ቀረ። ፀሐይ አተነነችው። ጨው ብቻ ቀረ፣ ውፍረቱ በብዙ መቶ ሜትሮች የሚቆጠር ጨው። በሜዳው ዳር ዳር ዛሬም የሞተ ኮራል፣ የባህር እንስሳት የሠሩት አለት፣ ይታያል። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የደረቀ ባህር ቁራጭ ነው። እኔ ባህር አይቼ አላውቅም ብዬ ሳስብ ስልሰው ኖሬአለሁ።

ምክሬ ከዚህ ይጀምራል። ወደ ክፍል ስትገቡ ባዶ እጃችሁን አትግቡ። ከምታውቁት ነገር ተነሡ። መጽሐፉ የተጻፈው ባህር ዳርቻ ላደጉ ልጆች ሊመስላችሁ ይችላል። እናንተ ግን ክረምትን ታውቃላችሁ፣ ስምጥ ሸለቆን ታውቃላችሁ፣ ቢያንስ ከወላጆቻችሁ አፍ ሰምታችኋል። እነዚህ ሁሉ የኮርሱ ምዕራፎች ናቸው።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኮርሱ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ቻሌንጀር የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ውቅያኖስን ለማጥናት ተነሳች። እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ከየባህሩ ውሃ ቀድታ ተመለሰች። ዊልያም ዲትማር የተባለ ኬሚስት ከዚያ ውስጥ 77 ናሙናዎችን መረመረ። ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ጨዋማነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የጨዎቹ እርስ በርስ ምጣኔ ግን በየትም ባህር ያው ነው። ክሎራይዱ 55 በመቶ፣ ሶዲየሙ 30 በመቶ ገደማ፣ ሌላውም እንደዚያው። ወጡ ቢቀጥንም ቢወፍርም የበርበሬው ቅመም አልተቀየረም ማለት ነው። ውቅያኖስ በደንብ የተማሰለ አንድ ድስት ነው። ለተማሪዎቼ እንዲህ ስላቸው ሐበሻ ያልሆኑትም ይገባቸው ነበር።

እናቶቻችሁ ነርስነት ይሻልሃል፣ ይሻልሻል ሲሉ እሰማለሁ። አልቃወምም። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ነርስ ሆነዋል። አንዷ ሆስፒታል ውስጥ የምትሰቅለው ግሉኮስ የሌለበት ተራ የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው እንዳለው ነገረችኝ። የባህር ውሃ የዚያን አራት እጥፍ ገደማ ነው። የባህር ውሃ የጠጣ ሰው ጥሙ ለምን እንደሚብስበት ከዚህ ቁጥር ተነስታ ለክፍሉ ስታስረዳ እኔ ተቀምጬ ሰማኋት። የምትማሩት ነገር በሌላ ሙያ ውስጥ ሳትጠብቁት ይመጣል።

አሁን ወደ ገንዳው ልውሰዳችሁ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ላብ ላይ የመስታወት ሳጥን ታያላችሁ። መሃሉን የሚከፍል ተነቃይ መዝጊያ አለው። በአንድ ወገን ንጹህ ውሃ ይሞላል። በሌላው ወገን በሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠ የጨው ውሃ። መዝጊያው ሲነሳ ብዙ ልጅ ሁለቱ ይደባለቃሉ ብሎ ይጠብቃል። አይደባለቁም። ሰማያዊው እንደ ምላስ ሆኖ ከሥር ወደ ማዶ ይንሸራተታል። ንጹሁ ከላይ በተቃራኒው ይሄዳል። ዓይናችሁን ወደ ሳጥኑ አስጠጉ። ሁለቱ የሚነካኩበት መስመር ላይ ቀጫጭን ሞገዶች ይሮጣሉ። ስልክ አውጥታችሁ ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ብቻ እዩት።

ይህን ሙከራ ያመጣው ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። በ1679 ቁስጥንጥንያ ሲሄድ ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። በቦስፎረስ ላይ ውሃው ከጥቁር ባህር ወደ ሜዲትራኒያን ሲፈስ ይታያል። የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ግን ከሥር ወደ ኋላ የሚመለስ ሌላ ውሃ እንዳለ ያውቁ ነበር። መረባቸው ይነግራቸዋል። ማርሲሊ አልናቃቸውም። ነጭ ቀለም የተቀቡ የቡሽ ቁርጥራጮችን ገመድ ላይ አስሮ ወደ ታች ሰደደ። ገመዱ ጠለቅ ሲል ቡሾቹ አቅጣጫ ቀየሩ። ቀጥሎ ምክንያቱን ለማየት ያንን ሳጥን ሠራ። በ1681 አሳተመው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ እኛ ዛሬም በዚያው ሳጥን እናስተምራለን። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ሳጥኑን ብቻ አይደለም፣ ዓሣ አጥማጆቹን መስማቱንም ነው።

ያው ነገር በደጃችን አለ። ቀይ ባህር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውሃ ታተንበታለች። የጎደለውን የሚሞላው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባህረ ሰላጤ የሚገባ ውሃ ነው። በሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ወደ ሰሜን፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ብቻ ያለው ደፍ አለ። በብርዱ ወራት ቀለል ያለው ውሃ ከላይ ይገባል፤ ጨው የከበደበት ደግሞ ደፉን ተሻግሮ ከሥር ይወጣል። ልክ እንደ ሳጥኑ። በሰኔና በሐምሌ ነፋሱ ሲገለበጥ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እሱን በክፍል ታገኙታላችሁ። ደፉ ቀዝቃዛውን ጥልቅ ውሃ ስለሚከለክለው የቀይ ባህር ሥር 21 ዲግሪ ይሞቃል። በሌሎች ውቅያኖሶች በዚያ ጥልቀት ያለው ውሃ ፍሪጅ ውስጥ እንደገባ ነው።

ስለ ወደብ ያለውን ክርክር ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። እኔ ስለ ውሃው ነው የማወራው። በዚያ ውሃ ላይ ጅቡቲ ካለችው ኦቦክ ተነስተው በጠባብ ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን አሉ። ብዙዎቹ ሰምጠዋል። ስለ ባብ ኤል መንደብ ባስተማርኩ ቁጥር እነሱን ሳላስብ ቀርቼ አላውቅም። ጅረትና ነፋስ ለአንዱ የፈተና ጥያቄ ነው፤ ለሌላው ሕይወቱ ነው።

የአጠናን ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም ለየትኛውም ኮርስ የሚነገረው ለዚህም ይሠራል። ከክፍል በፊት አንብቡ። ኦፊስ አወር ሂዱ፤ እኛ ዘንድ ይሉኝታ ያስቀራል፣ መምህሩ ግን ብቻውን ተቀምጦ ሰው እየጠበቀ ነው። ሒሳቡን አትፍሩ፤ ማባዛትና ማካፈል የቻለ ይወጣዋል።

ሁለት ነገር ግን የዚህ ኮርስ ብቻ ናቸው። አንደኛው ሥዕሉ ነው። መጽሐፉ ላይ የባህር ወለል ሲሳል ተራራው እንደ መርፌ የሾለ፣ ገደሉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይመስላል። ቁመቱ ሆን ተብሎ ተለጥጦ ነው። ፓስፊክ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ በአማካይ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በትክክለኛ ልኬት 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ ብትስሉት ውቅያኖሱ ከወረቀቱ ውፍረት ግማሹን ብቻ ያክላል። ራሳችሁ አስሉት። ይህ የገባው ልጅ ነፋስ ለምን ውቅያኖስን የማንቀሳቀስ አቅም እንዳለው ለማመን አይቸገርም። ሥዕል ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ ዳር ላይ ያለውን ልኬት አንብቡ።

ሁለተኛው ማካፈል ነው። መርከብ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፣ ድምፁ ወለሉን መትቶ ይመለሳል። በባህር ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአራት ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ጥልቀቱ ስንት ነው? በየዓመቱ ከክፍሉ ሲሶው 6,000 ይለኛል። ድምፁ ሄዶ መጥቷል ልጆች። 3,000 ነው።

በዚህ ድምፅ ከተለኩ ቁጥሮች ነው ሜሪ ታርፕ የውቅያኖስን ወለል የሳለችው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ ነበር። ሴት ምርምር መርከብ ላይ አትሳፈርም የሚባልበት ዘመን ነው። ወንዶቹ ለክተው ያመጣሉ፣ እሷ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር በቁጥር ትስላለች። የአትላንቲክን መሃል ስትስል በተራራው አናት ላይ ሸለቆ አየች። በሁሉም መስመር ላይ፣ እዚያው ቦታ። መሬት እየተሰነጠቀ ነው ማለት ነው። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። አልተጨቃጨቀችም፤ መልሳ ሳለችው። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎች በሌላ ካርታ ላይ ሲነጠቡ ልክ ሸለቆው ውስጥ አረፉ። ያኔ አመኑ። ሸለቆው ከምን ጋር ነበር የተመሳሰለው? ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር። ከእኛው።

የመላው ዓለም የባህር ወለል ካርታዋ እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ። አንዱን ቅጂ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ኖሬአለሁ። ተማሪ ሲመጣ ጣቱን ከኤደን ባህረ ሰላጤ አስነስቼ ወደ አፋር አስገባዋለሁ። ያ የባህር ውስጥ ስንጥቅ ደረቅ መሬት ላይ ወጥቶ በእግር የሚረገጠው አፋርና አይስላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተከፈተ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር። የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ ማየት የሚፈልግ ሰው አፋር ይሄዳል። አዲስ አበባ ወይም ሰመራ ያላችሁ ልጆች፣ ባህር የለንም ብላችሁ ከዚህ ትምህርት ራሳችሁን አታስወጡ። እናንተ ዘንድ ገና እየመጣ ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2015፣ ነሐሴ ላይ፣ ወንድሜ ከወልድያ ደወለ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ገብቶም ቶሎ ጠፋ አለኝ። ማሽላው ጉልበት ድረስ አድጎ ቆሟል። በዚያው ሳምንት ለበጋ ተማሪዎቼ የፓስፊክን የሙቀት ካርታ እያሳየሁ ነበር። ከፔሩ ጀምሮ በምድር ወገብ ላይ የተዘረጋ ረጅም ቀይ ምላስ ነው። ኤል ኒኞ። ቀዩን እያየሁ የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ተማሪ አሞሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደህናው ጊዜ ነፋስ የፓስፊክን ሙቅ ውሃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። አንዳንድ ዓመት ነፋሱ ይደክማል። ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ነገሩን ያስተዋሉት በገና ሰሞን ነው፤ ስለዚህ በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ሕፃኑ አሉት፣ ኤል ኒኞ ማለት ይኸው ነው። ሙቁ ውሃ ቦታ ሲቀይር ከላዩ የሚነሳው አየርና ዝናብም ቦታ ይቀይራል፤ የዓለም ነፋስ ሁሉ አብሮ ይናጋል። የእኛ ክረምት በእንዲህ ዓይነት ዓመት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። የዚያን ዓመት መዘዝ ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ።

ለቦረናና ለሶማሌ ቆላ ደግሞ ሌላ ውሃ ነው የሚፈርደው። የህንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ሲሞቅ የመጸው ዝናባቸው ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ጎርፍ ሆነ። ከዚያ ከ2020 ጀምሮ ፓስፊክ በተቃራኒው ቀዘቀዘ፤ ላ ኒኛ ይባላል። ለሦስት ዓመት ቆየ። ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። የቦረና ከብት ያለቀው ማንም ሰው መርከብ ላይ ሆኖ በቴርሞሜትር በሚለካው የአንድ ዲግሪ ያህል ለውጥ የተነሳ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ብዙ አላጋነንኩም ያልኩት አውቄ ነው። ድርቅ ከባህር ይመጣል፤ ረሀብ ግን የሰው እጅ አለበት። ጦርነት፣ መንገድ፣ ገበያ፣ አስተዳደር። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ከዚህ ኮርስ ካገኘሁት ነገር ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነበር። እኔ የ1977ቱን ድርቅ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ፣ በእኛ አቆጣጠር። ያኔ ሰው ሁሉ ሰማዩን ነበር የሚያየው።

የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የክረምቱን ትንበያ ሲያዘጋጁ የውቅያኖሶችን ሙቀት ያያሉ። ከቀድሞ ዓመታት ጋር ያመሳስላሉ። ይህ ሥራ ብዙ ልጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግቢያው ኮርስ በኋላ ልባችሁ ከተነካ ወደዚያ ተመልከቱ። በግልጽ ልንገራችሁ፣ ኦሽኖግራፈር ተብሎ የሚቀጠርበት ቦታ ብዙ አይደለም። እኔም የጀመርኩት ላብ ውስጥ ጠርሙስ በማጠብ ነው። የውቅያኖስን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ግን በአየር ትንበያ፣ በእርሻ መድን፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በመርከብ ሥራ ይፈለጋል።

ቁጥሩ ደግሞ በነጻ ነው። አርጎ የሚባሉ 4,000 ያህል ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ውቅያኖስ ተበትነዋል። እያንዳንዱ በየአስር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ ይወጣና የሙቀትና የጨዋማነት ልኩን በሳተላይት ይልካል። መረጃውን ማንም ያወርደዋል፤ ጎንደር ያለም፣ ሪያድ ያለም፣ ቴል አቪቭ ያለም። የባህርን ወለል ብንወስድ በዘመናዊ መሣሪያ በዝርዝር የተለካው ከሩብ ብዙ አልዘለለም። ሥራው አላለቀም። ቦታ አላችሁ።

ላብ የሌላችሁ ልጆች ሁለት ብርጭቆ አምጡ። በአንዱ ተራ ውሃ፣ በሌላው ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ ሙሉበት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑራቸው። ውሃ በቀለም በጥብጣችሁ ያረጋችሁትን በረዶ በየብርጭቆው አንድ አንድ ጨምሩ። የትኛው ቶሎ ይቀልጣል? አስቀድማችሁ ጻፉት፣ ከዚያ ተቀምጣችሁ እዩ። መልሱን አልነግራችሁም። ቀለሙ የት እንደሚሄድ ተከታተሉ፤ እሱ ይነግራችኋል። ቢሾፍቱ ያላችሁ ደግሞ ሐይቅ አላችሁ። ከላይ የሞቀ ውሃ፣ ከሥር ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያጠረው ውሃ ይደራረባል። በብርዳማው የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ላይኛው ይቀዘቅዝና ይሰምጣል፣ ሐይቁ ይገላበጣል። ቴርሞሜትርና ገመድ ካላችሁ፣ ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ሆናችሁ፣ ይህን መለካት ትችላላችሁ። የውቅያኖሱ ሕግና የሐይቁ ሕግ አንድ ነው።

ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አንድ የአውራ ጣት የምታክል ነጭ ኩባያ አለች። ተራ የስታይሮፎም የቡና ኩባያ ነበረች። አንድ ጊዜ መምህራንን ይዛ በወጣች የምርምር መርከብ ላይ ዕድል አግኝቼ ሄድኩ። ኩባያዋ ላይ በእስክሪብቶ «ወልድያ» ብዬ ጻፍኩባት። በመረብ ከረጢት አድርገው ከመለኪያው ጋር አስረው ወደ 2,000 ሜትር ሰደዷት። በየአስር ሜትሩ ከላይ የምንሸከመው አየር ያህል ክብደት ይጨመራል፤ እዚያ ታች ሁለት መቶ እጥፍ ነው። ከሰዓታት በኋላ ስትወጣ ቅርጿ እንዳለ ተጨምቃ አንሳለች። ጽሑፉም አብሮ አንሷል፤ ፊደሎቹ ግን አንዱም አልጠፋም። ልጆች ቤቴ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሱት እሷን ነው። እጃቸው ላይ አስቀምጬ ስንት ሜትር ይመስላችኋል እላቸዋለሁ።

በቃ ተመዝገቡ። ሲያትል ለምትማሩ አንድ የመጨረሻ ነገር። በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ርቆ የሚጎድለው ባህር፣ በኅዳር የሚጎድለው በሌሊት ነው። ስለዚህ የመጸው ኳርተር የመስክ ጉዞ ከመሸ በኋላ ይሆናል፣ ምናልባት አልካይ ዳርቻ ላይ። እናቶቻችሁ ይሰጋሉ፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቦት ጫማ አድርጉ። ወፍራም ካልሲ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ዝናብ የማያበላሸው ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። አለቱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ድንጋይ ብታነሱ፣ አይታችሁ ስታበቁ እንደነበረ አድርጋችሁ መልሱት። ከሥሩ የሚኖር አለ።